ማታ አዳፓሊን፣ ጠዋት ቤንዞይል፦ የስምንት ወር ውጤት

ለቸኮለ አስቀድሜ ልናገር። አዳፓሊንና ቤንዞይል ፊት ላይ የሚቀቡ የብጉር መድኃኒቶች ናቸው፤ ሕክምናው ይሠራል። ግን ዘገምተኛ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያባብሳል፣ ጨርቅም ያበላሻል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። «ብጉር ምን አላት፣ የውበት ጉዳይ ናት» የሚል ዘመድ ያላችሁ ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

26 ዓመቴ ነው፣ ባንክ መስኮት ላይ እሠራለሁ። የጉርምስናው ብጉር አልፎኝ ነበር፤ በ23 ዓመቴ፣ ደመወዝ መብላት ስጀምር መጣ። አገጬና መንጋጋዬ ላይ፣ ከውስጥ የሚያብጥ፣ አፍ የማያወጣ፣ ትራስ ሲነካው የሚያም ዓይነት። ባንክ መስኮት ማለት ደግሞ በቀን መቶ ሰው ፊትሽን በአንድ ክንድ ርቀት የሚያይበት ወንበር ነው። ከመቶው የተወሰነው መድኃኒት ያዝዛል። ሎሚ እሺበት፣ የጥርስ ሳሙና ቀቢው፣ ቅቤ ተዪ፣ «አግቢ፣ በወሩ ድራሹ ይጠፋል»። አንዲት እናት ደብተራቸውን እንኳ ሳያቀብሉኝ «ውይ የኔ ልጅ፣ ምን ነካው ይሄን የመሰለ ፊት?» ብለው እጃቸውን በመስታወቱ ቀዳዳ ሊያስገቡ ሞከሩ። ተሳዳቢ ደንበኛ አስለቅሶኝ አያውቅም። የእሳቸው ደግነት ግን ምሳ ሰዓቴን መጸዳጃ ቤት ውስጥ እንዳሳልፍ አደረገኝ።

(ስለ ቅቤው ያሉት ልክ ነው። ፀጉር የተቀባ ቅቤ ግንባር ላይ ሲወርድ የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ የግንባሬ ሽፍታ የጠፋው እሱን ስተው ነው።)

የልጅነት ጓደኛዬ ሚዜ ሁኚልኝ ስትለኝ «ፈቃድ ከለከሉኝ» ብዬ ዋሸኋት። ለደንበኛ ሁሉ «የፋይዳ ቁጥርዎን» እያልኩ፣ የራሴን ፋይዳ ያወጣሁት ከቅርንጫፋችን ሠራተኛ ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ የፈራሁት ካሜራውን ነበር። ፊቴን ሸፍኜ ማንም «ምን ሆነሽ?» የማይለኝ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነበር፣ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ።

ሐኪም ጋ ከመሄዴ በፊት የሠራሁትን ስህተት ሳልናገር አላልፍም። ጎረቤቴ «ተአምር ነው» ብላ የሰጠችኝ ቱቦ ላይ ቤታሜታሶን የሚል ተጽፏል። ስቴሮይድ ነው። በሳምንቱ ፊቴ ጠራ፣ ሰው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» አለኝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቱቦ የሰፈር መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ፣ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ሸጠልኝ። ስቴሮይድ መቅላቱንና እብጠቱን ስለሚያበርድ የዳንን ይመስለናል። እያደር ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ሲቆይ ደግሞ የራሱን ብጉር ያበቅላል። ያቆምኩት ጊዜ የነበረኝ በእጥፍ ተመለሰ፣ ደህና የነበረው ጉንጬም ተጨመረበት።

ጥቅምት ላይ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፌ 5 ሰዓት ላይ ገባሁ። ሐኪሟ ፊቴን ከማየቷ በፊት አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። አሥር ጥያቄ፣ ሁሉም ስላለፈው ሳምንት። ሕመምና ማሳከኩ፣ ማፈሩ፣ ገበያና የቤት ሥራው፣ የልብስ ምርጫው፣ ከሰው መቀላቀሉ፣ ስፖርቱ፣ ሥራና ትምህርቱ፣ ወዳጅ ዘመዱ፣ የአልጋው ጉዳይ (እዚህ ላይ ቀና ብዬ አላየኋትም)፣ በመጨረሻም ሕክምናው ራሱ ምን ያህል እንዳስቸገረ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ እስከ 30 ነው። መጠይቁ በ1994 እ.ኤ.አ. በዌልስ፣ ካርዲፍ የወጣ ነው። በአማርኛ ደግሞ ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ በሚመጣው በሽታ እግራቸው ባበጠ ሰዎች ላይ ተፈትሿል አለችኝ። ይሄን ስሰማ አፈርኩ። እግሩ ካበጠ ገበሬ ጋር በአንድ ወረቀት ልለካ? «እኔ አሁን የምጠይቅሽ ስለ ኑሮሽ ነው፣ ሙዪው» አለችኝ። ሞላሁት፣ 17 መጣ። ከ11 እስከ 20 ያለው «በኑሮ ላይ በጣም ከባድ ጫና» የሚባለው ክልል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ታካብጃለሽ» ሲሉኝ ለኖርኩት ለእኔ ቁጥሩ ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነበር።

ግምገማ ከጀመርኩ ግን ወረቀቱንም ልገምግመው። ቀዳዳ አለው። ከመልሶቹ አንዱ «አይመለከተኝም» የሚል ነው፣ ነጥቡም ዜሮ። ጂም የተውኩት በፊቴ የተነሣ ነው፤ ላቤን ስጠርግ ብጉሩን የሸፈንኩበት ሜካፕ አብሮ ይለቅና ሁሉም ይወጣል። ስለተውኩት ግን የስፖርቱ ጥያቄ አይመለከተኝም። የቀረብኝን ነገር ሁሉ ወረቀቱ እንደ ጤና ቆጠረልኝ። ለሐኪሟ ስነግራት ሳቀች፣ ከጥያቄው ጎን በእስክሪብቶ «ትታለች» ብላ ጻፈችበት።

የታዘዘልኝ ማታ አዳፓሊን 0.1%፣ ጠዋት ቤንዞይል ፐሮክሳይድ 2.5%፣ ለሦስት ወር ደግሞ ዶክሲሳይክሊን የሚባል የፀረ ባክቴሪያ እንክብል ነበር። ቤንዞይል 5ም 10ም አለ። 2.5ቱ ከእነሱ የማይተናነስ ሥራ እየሠራ የሚያቃጥለው ግን ያነሰ ነው፤ «ጠንካራውን ስጡኝ» አትበሉ። አዳፓሊኑ በደረቀ ፊት ላይ፣ ለመላው ፊት የአተር ፍሬ የምታህል። እኔ መጀመሪያ ያበጠው ላይ ብቻ ጠብ ጠብ አደርገው ነበር፣ ያ ስህተት ነው፤ ሥራው ያልወጣውን ብጉር ከሥሩ መከልከል፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን ማድረግ ነው። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ያሰባችሁ አስቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ፣ ይሄ ሕክምና ለእናንተ አይሆንም።

ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት ያለውን አልመኝላችሁም። ፊቴ ተላጠ፣ ከውስጥ የነበረው ሁሉ ተሰልፎ ወጣ፣ የመስኮቱ ሐኪሞችም በዙ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጥለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፣ እኔም ሁለቴ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጥዬ አውጥቼዋለሁ። ያዳነኝ ሐኪሟ «12 ሳምንት ሳይሞላ እንዳትፈርጂበት» ብላ ቀኑን ካርዴ ላይ መጻፏ ነው። ሲያቃጥለኝ አንድ ሌሊት እየዘለልኩ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ማለስለሻ ቅባት እየተቀባሁ ቀጠልኩ።

ኮከቧን የቀነስኩት በነጠላዬ ነው። ለጥምቀት ያቺን አረንጓዴ ጥለት ያላትን አውጥቼ ለበስኩ፤ ማታ ሳጥፋት አገጬን ስትነካው በዋለችበት በኩል ጥለቱ እንደ ገለባ ነጥቷል። ቤንዞይሉ ነው፣ ባለ ቀለም ጨርቅ ያነጣል። ማንም አልነገረኝም፣ ማሸጊያው ላይ በጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ሁለት የትራስ ልብስና አንድ ፎጣም ሄደዋል። ነጭ የትራስ ልብስ ግዙ፣ ፊታችሁ በደንብ ሳይደርቅ ባለ ጥለት ነገር አትልበሱ።

የፀሐይ መከላከያው ሌላ ጣጣ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ፀሐዩ ይበላል፤ እንደኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ብጉሩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረውን ጥቁር ምልክት ደግሞ ያጠቁረዋል። የገዛሁት የመጀመሪያው ግን ዱቄት ቤት የዋልኩ አስመሰለኝ። ሳይነጣ የሚገባውን እስካገኝ ሦስት ገዛሁ፣ ለመድኃኒቱ ካወጣሁት በላይ ያስወጣኝ እሱ ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ደግሜ ስሞላ 9 መጣ። መስታወቱ አልተስማማም፤ ያበጠው ቢጠፋም ምልክቱ ሁሉ እንዳለ ነበር። ግን በዚያ ሳምንት ምሳዬን ከባልደረቦቼ ጋር በልቻለሁ፣ ከደንበኛ ጋር ስነጋገር እጄ አገጬ ላይ አልነበረም። እናቴ ምስጋናውን ለዐቢይ ፆም ሰጠችው፣ ፆሙ ገና አልገባም ብላት አልሰማችኝም።

ግንቦት ላይ 4 ሆነ። 3 ይሆን ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ መሮጥ ጀምሬ የፀሐይ መከላከያው ከላብ ጋር ዓይኔ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ። ስለዚህ ስፖርቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ «በጥቂቱ» የሚለውን አከበብኩ። ሐኪሟ ያቺን አንድ ነጥብ ስታይ የድሮውን ወረቀት ከፋይሉ አወጣችና «ትታለች» የሚለውን ሰረዘችው።