ለስብከት የሚሆኑ ቀልዶች ብዬ የገዛሁት መጽሐፍ

ሰንበት ትምህርት ቤት ህጻናት ክፍል ነው የማስተምረው፣ ልጆቹ ገና «በስመ አብ» ብዬ ሳልጨርስ ማዛጋት ስለጀመሩብኝ አራት ኪሎ ወርጄ ለሰባኪዎች የሚሆኑ አጫጭር ቀልዶችና ታሪኮች የተሰበሰቡበት አንድ መጽሐፍ በ250 ብር ገዛሁ። አዘጋጁ ለፍቶበታል፣ ስሙን ማጥፋት ስለማልፈልግ ርዕሱን አልጠራም።

መጀመሪያ የተናደድኩበትን ልናገር። ግማሹ ከፈረንጅ የተተረጎመ ነው፣ ፓስተር ጎልፍ ይጫወታል፣ በረዶ ይዘንባል፣ ምናምን። የጎልፉን ሞከርኩት፦ ፓስተሩ እሁድ አሞኛል ብሎ አገልግሎት ቀርቶ ብቻውን ጎልፍ ሊጫወት ይሄዳል፣ ኳሷን አንዴ ሲመታት በቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች፣ መልአኩ ገርሞት «ጌታዬ፣ ይሄን ሰውዬ ትሸልመዋለህ እንዴ?» ሲል «እስቲ ለማን ያወራዋል?» ተባለ። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ጎልፍ ምንድነው?» አለኝ። ስለ ሳሩ፣ ስለ ዱላው፣ ስለ ጉድጓዱ አስረድቼ ስጨርስ ሌላው «አሃ፣ ብይ ነው!» አለ፣ በቃ ቀልዱ እዛው ተቀበረ።

ሁለተኛው ችግር በየቀልዱ ስር «ትምህርቱ፦» የሚል ነገር አለ። የሳቅከውን የሚያስመልስህ እሱ ነው። የአለቃ ገብረ ሃናንማ ጉድ ነው ያደረጉት፤ አለቃ አህያ የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ አግኝተው እጅ ነስተው «እንደምን አደራችሁ» ያሉትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ሰውየው አክብረውኛል ብሎ ደስ ብሎት ሄዶ በኋላ ነው ከአህዮቹ ጋር አንድ ላይ እንደቆጠሩት የገባው። መጽሐፉ ከስሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ትምህርቱ፦ መንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ በትህትና ሰላም ማለት ይገባናል።» አዘጋጁም ከሰውየው ጋር አህያ ሲነዳ ነበር መሰለኝ።

ግን 250 ብሬን ያስመለሰልኝ አንድ ክፍል አለ፣ የበረሃ አባቶች ታሪክ። የአባ ሙሴ ጸሊም ብቻ ይበቃል፤ አስቄጥስ በሚባለው የግብጽ በረሃ አንድ ወንድም መነኩሴ አጥፍቶ ሊፈረድበት መነኮሳቱ ተሰብስበው አባ ሙሴን ሲያስጠሯቸው አልመጣም አሉ፣ ደግመው ሲልኩባቸው የሚያፈስ ማሰሮ ውሃ ሞልተው ተሸክመው መጡ፣ ምንድነው ይሄ ሲሏቸው «ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጣሁ» አሉ፣ ያጠፋውም መነኩሴ ይቅር ተባለ።

ይሄንን ሳላወራ በፊት ሰራሁት። ሃይላንድ ከስሩ በሚስማር በስቼ ውሃ ሞልቼ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ከበሩ እስከ ፊት ድረስ ዝም ብዬ ተራመድኩ። «መምህር እያፈሰሰ ነው!» ብለው ጮሁ። «የቱ? እኔ እኮ ምንም አይታየኝም» አልኳቸው። ምንጣፉ ላይ ከበሩ ጀምሮ እርጥብ መስመር ተሰርቷል፣ ሁሉም ዞረው እሱን ያያሉ፣ ከዛ ነው ታሪኩን የነገርኳቸው፣ ያዛጋ የለም። (አዳራሹን የሚያጸዱት እማማ ምንጣፉን ራሴ ተሸክሜ ፀሐይ ላይ እንዳሰጣ አድርገውኛል፣ መጽሐፉ ይሄንን አያስጠነቅቅም።)

ቅር የሚለኝ የበላዔ ሰብእን ታሪክ በ6 መስመር መጨረሳቸው ነው። 78 ሰው የበላ ሰው በጥርኝ ውሃ ሲድን፣ ነፍሱ የተመዘነችበት ሚዛን ወዲህ ወዲያ ሲል ሰው ትንፋሹን መያዝ አለበት እንጂ እንደ ዜና ይነበባል እንዴ?

ጥራዙ ደካማ ነው፣ በ2 ወር ውስጥ መሃሉ ተገነጣጥሎ በላስቲክ አስሬዋለሁ። ያገለገለ ካገኛችሁ በርካሽ ግዙ፣ «ትምህርቱ» የሚለውን በወረቀት ሸፍናችሁ አንብቡ፣ ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ።

አሁን መጽሐፉ አንድ ዲያቆን ጋ ነው፣ ተውሶኝ አልመለሰም። ባለፈው እሁድ ወጣቶቹ ጋ ሲያስተምር ሰማሁት፣ ያንኑ የጎልፉን ነው የያዘው፣ ግን ሰውየው አሞኛል ብሎ ቅዳሴ ቀርቶ ቤቲንግ ቤት ሄዶ ቲኬቱ ሙሉ በሙሉ ገባለት። «እስቲ ለማን ያወራዋል?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ግን ከሁሉም ዘግይተው ነው የሳቁት፣ እርስ በርስ ተያይተው።