የድሮው የእንግሊዝ አስፈሪ ፊልም ፖስተር፦ ኦሪጅናሉ ወይስ አዲሱ ኅትመት?

እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወዳጆቼ ሳሎናቸውን ሲያሰናዱ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ ሐመር የተባለውን የእንግሊዝ ፊልም ኩባንያ የድሮ አስፈሪ ፊልሞች ፖስተር ለመስቀል፣ ፊልሙ በወጣበት ዘመን የታተመውን ኦሪጅናል ይግዙ ወይስ አዲሱን ኅትመት የሚለውን ነው። እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው ኦሪጅናሉን ነው፤ እጥፋቱ ቢታይም፣ ጠርዙ ጥቂት ቢቀደድም። ገንዘብ የሚያጥር ከሆነ ገዢው ዝነኛውን ፊልም ይተው እንጂ እውነተኛውን ፖስተር አይተው።

አዲሱ ኅትመት ከ15 እስከ 30 ፓውንድ ስለሚሸጥ ርካሽ ይመስላል። ይሁንና ነጋዴዎቹ ኳድ ለሚሉት ለዚህ 76 በ102 ሴንቲ ሜትር የሆነ አግድም ፖስተር ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ፍሬም ማሠራት፣ እኔ እንዳየሁት፣ ከ100 ፓውንድ በታች አይሆንም። ስለዚህ ቅጂው ግድግዳ ላይ እስኪወጣ ድረስ ቢያንስ 115 ፓውንድ ይበላል፤ ነገ ልሽጠው ቢሉ ግን የወረቀቱን ዋጋ እንኳ የሚመልስ ገዢ የለም። ኦሪጅናሉ ግን በደንብ ከተያዘ ዋጋው አብሮት ይኖራል።

እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የ«ድራኩላ» ፖስተር ብዙ ሺህ ፓውንድ ስለሚጠራበት ለአብዛኞቻችን የሚቀመስ አይደለም። ነገር ግን ሲኒማ ቤቶች በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሁለት ፊልሞችን አከታትለው በአንድ ትኬት ያሳዩ ስለነበር፣ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ የሚያስተዋውቁ ፖስተሮችም ይታተሙ ነበር። ሰብሳቢዎች አንድ ፊልም ብቻ ያለበትን ስለሚያስቀድሙ፣ እነዚህን ጥንድ ፖስተሮች ከ100 እስከ 300 ፓውንድ ሲሸጡ አይቻለሁ። በሥዕል ጥራት ግን ከዝነኞቹ የማያንሱ ብዙ ናቸው።

ለሐመር ብዙ ፖስተሮችን የሣለው ቶም ቻንትሬል በ1968 ለወጣው የድራኩላ ፊልም ሥዕል ራሱ ሞዴል ሆኖ ነበር። ሥራው በብሩሽ ተሥሎ ከዚያ በኋላ የሚታተም በመሆኑ፣ ኦሪጅናሉን ቀረብ ብሎ የሚመለከት ሰው በድራኩላ ጉንጭ ጥላ ላይ የብሩሹን ጭረት ለይቶ ያያል። ቅጂው ብዙውን ጊዜ ከሌላ ፖስተር ፎቶ የተነሣ ስለሆነ ያ ጭረት በጥቁሩ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፤ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ኦሪጅናል ተብሎ የሚሸጠው ፎርጅድ ነው። አንድ ወዳጄ 180 ፓውንድ ከፍሎ ያመጣውን ዘርግተን ስናየው የእጥፋቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጣት ሲሄድበት ግን ወረቀቱ ልሙጥ ነው። እጥፋቱም አብሮ ታትሟል ማለት ነው። በማጉያ መነጽር ስናይ ደግሞ ፊደሎቹ ጭምር በጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች የተሠሩና ጠርዛቸው የደበዘዘ ሆኖ አገኘናቸው፤ በአሮጌው ኅትመት ነጠብጣቡ የሚገኘው በሥዕሉ ላይ ሲሆን ፊደሎቹ በአብዛኛው ድፍንና ጥርት ያሉ ናቸው። በዚያ ዘመን ፖስተሮች ለሲኒማ ቤቶች የሚላኩት ብዙውን ጊዜ ታጥፈው ስለነበር፣ «ፈጽሞ ያልታጠፈ የ1960ዎቹ ፖስተር» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ይበልጥ መመርመር ያስፈልጋል።

በሸራ ላይ ተለጥፎ የታደሰ ኦሪጅናል ሦስተኛው አማራጭ ነው፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። የእድሳቱ ወጪ በዋጋው ላይ ይደመራል፣ ባለሙያው በቀለም የሸፈነው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነም ከፊት ለፊት አይታወቅም። መግዛት ግድ ከሆነ ከእድሳቱ በፊት የተነሣውን ፎቶ መጠየቅ፣ ሻጩ የለኝም ካለ ዋጋውን ማስቀነስ ወይም መተው ነው። ቀዳዳ ያለበትን ኦሪጅናል የገዛ ሰው ደግሞ በተራ ፕላስተር እንዳይለጥፈው አደራ እላለሁ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቢጫ እድፍ ይሆናል፣ እሱን ማስለቀቅም ቀዳዳውን ከማስጠገን የበለጠ ያስከፍላል።