ባልዲ ላይ አትክልት የምትተክሉ የለገጣፎ ልጆች፣ በሃይላንድ የተቀዳ "የቅጠል መድኃኒት" እንዳትገዙ

አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው፣ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው፣ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ። ለገጣፎ፣ ለገዳዲ፣ እስከ ሰንዳፋ ያላችሁ የምላችሁን ሱቅ አይነት ታውቁታላችሁ። ደጁ ላይ የመርጫ ፓምፕ ተሰቅሏል፣ ውስጡ ግማሹ የዶሮ መኖ ግማሹ መድኃኒት ነው፣ ከባንኮኒው ኋላ ደሞ ሁሉን የሚያውቅ ልጅ አለ። ስልክሽ ላይ ያለውን ፎቶ በደንብ ሳያይ በሽታውን ነግሮ፣ መድኃኒቱን ቀድቶ፣ ብሩን ተቀብሎ ይሸኝሻል። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ግን እንዲህ አይነቱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ግቢዬ ሲሚንቶ ስለሆነ የቀለም ባልዲ ሥሩን እየበሳሁ ነው የምተክለው፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ጥጉ ላይ ደሞ ጠጅ ሳር። ቃሪያውን ለእንቁጣጣሽ ስንግ አደርገዋለሁ እያልኩ ስጠብቅ ዝናቡ ሲበረታ የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ መርገፍ ጀመረ። ነጥብ የለው፣ ቀዳዳ የለው፣ የላይኛው ለምለም ነው፣ የታችኛው ብቻ ሙሉ ለሙሉ ቢጫ ይሆንና ይወድቃል። ግብርና የተማረ የአክስቴ ልጅ ዛሬ በስልክ እንዳስረዳኝ ይሄ በሽታም አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብበት የባልዲ አፈር ናይትሮጅኑ ታጥቦ በቀዳዳው ይወጣል፣ ተክሉ ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል እየሳበ ለአዲሱ ቡቃያ ይልካል፣ ለዛ ነው ከታች የሚጀምረው። ጥሩ ብስባሽ ቢጨመርለት የሚያገግም ነገር።

ልጁ ግን "ፈንገስ ነው እትዬ፣ ሰፈሩን ጨርሶታል" አለኝ። ውሃው ከባልዲው ይወጣል ወይ አላለም፣ ማዳበሪያ አድርገሽበታል ወይ አላለም፣ ይዤለት የሄድኩትን ቅጠል ገልብጦ እንኳን አላየውም። ለሚበላ ነገር ነው አደራ ብዬዋለሁ፣ "ችግር የለውም" ብሎኝ ጎንበስ አለና ከባንኮኒው ሥር ነጭ ጀሪካን አውጥቶ ወደ ባዶ ሃይላንድ ቀዳልኝ። ቡናማ ነገር ነው፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። ስሙ ማነው ስለው "የቅጠል መድኃኒት" አለ፣ አንድ ክዳን ለአንድ ሊትር ውሃ። 350 ብር። ደረሰኝ ስለው ሲስተም የለም።

ማታ ረጨሁት። ጠዋት ስወጣ የቲማቲሙ ግንድ ተጠማዞ፣ የቅጠሉ ዘንጎች ወደ ታች ተቆልምመው ጠበቁኝ። ዝናቡ ነው ብዬ ተውኩት፣ ግን እየባሰ ሄደ፣ አዲስ የሚወጣው ቅጠል ቀጭን ክር መሰለ፣ ቃሪያው አበባውን አራገፈ፣ በሶብላው ተጨማደደ። እናቴ ደሞ ምንም ሳታውቅ ከጤና አዳሙ ቀጥፋ ቡና ስኒዋ ውስጥ ልትከት ስትል እጇን በአየር ላይ ነው የያዝኩት። የገረመኝ ጠጅ ሳሩ ነው፣ እኩል ተረጭቶ ምንም አልሆነ፣ እንደውም ያምርበታል። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ፎቶውን ሲያይ ቫይረስ መስሎት ነበር፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ነው ስለው ግን ዝም አለ። ቫይረስ አንድ አንዱን እየያዘ ነው የሚሄደው፣ ቃሪያውንም ቲማቲሙንም በሶብላውንም በአንዴ እንዲህ አያደርግም አለኝ። ሂጂና ስሙን ጠይቂ ያለኝም እሱ ነው።

ዛሬ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ የተረፈውን ሃይላንድም ይዤ ሄድኩ። በሰላም ነው የገባሁት፣ እውነቴን ነው። ልጁ ቅርንጫፉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየና "አብዝተሽው ነው" አለ። ባልከኝ ልክ ነው ስለው "የየትኛውን ክዳን ነው የለካሽው?" ብሎ መኖ የሚመዝነውን ጓደኛውን ጠቀሰው። ጓደኛው ቀና ሳይል "የባልዲ ባለሀብት" አለ። ሳቁ። እዛው ፊታቸው ቆሜ እኮ ነው፣ ልክ እንደሌለሁ።

በዚህ መሀል አንድ ጋቢ የደረቡ አባት ገቡ፣ ቦቲያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። "ለጤፍ፣ የአረሙን ስጠኝ" አሉት። ልጁ ጎንበስ አለና ያችኑ ነጭ ጀሪካን አወጣ። ያችኑ ነው የምላችሁ፣ እጀታዋ ላይ ሰማያዊ ክር የታሰረባትን፣ እኔም ከሷ ነው የተቀዳልኝ። ክዳኑ ሲከፈት ያ ሽታ ሱቁን ሞላው።

"ይሄ እኮ የኔው መድኃኒት ነው" አልኩት።

"ጀሪካኑ ነው የሚመሳሰለው፣ ውስጡ ሌላ ነው" አለኝ፣ ዓይኑን እንኳን ሳያነሳ፣ እየቀዳ።

ሃይላንዴን ከፍቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ሽማግሌው ጠጋ ብለው አሸተቱት፣ ከዛ ቅርንጫፉን ከባንኮኒው አንስተው ቅጠሉን ገለበጡት። እስከዛሬ ገልብጦ ያየ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። "ልጄ፣ ይሄማ ቱፎርዲ የነካው ነው። እኛም ጤፉን ስንረጭ ንፋስ ከወሰደው ዳር ያለው ባቄላ እንዲህ ነው የሚጠማዘዘው" አሉኝ።

ልጁ ያኔ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጀሪካኑን ዞር አድርጎ ጽሁፉን ወደ ሆዱ አዞረው። 720 የሚለው ግን ታይቶኛል፣ የአክስቴ ልጅም ቱፎርዲ ብዙ ጊዜ 720 ግራም በሊትር ሆኖ ነው የሚሸጠው ብሎኛል። ከዛ ለሽማግሌው "አባባ የመጡበትን ይያዙ" አለ፣ ወደኔ ዞሮ ደሞ "እሺ አሁን ምን ይሁንልሽ? ቃሪያ እንደሆነ ገበያ ሞልቷል፣ በኪሎ ግዢ"። ይቅርታ የለ፣ ድንጋጤ የለ፣ ብሬን እንኳን ልመልስ የለ። ጓደኛው አሁንም እየሳቀ ነው። ሽማግሌው ናቸው ያፈሩት፣ ምንም ሳይገዙ ነው የወጡት፣ ለሳቸው ደሞ ጤፉ እየታፈነባቸው ነው።

ለማታውቁት፣ ቱፎርዲ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም የሚገድል፣ ጤፍ ስንዴ ገብስን ግን የሚተው መድኃኒት ነው። የተክሉን የራሱን የእድገት ሆርሞን አስመስሎ ገብቶ ያለ ሥርዓት ያሳድገዋል፣ መጠማዘዙ ከዛ ነው የሚመጣው። ቲማቲምና ቃሪያ ደሞ ጥቂቷንም አይችሏትም። ጠጅ ሳሬ የሳር ዘር ስለሆነች ተረፈች። ፈንገስ ቢሆንስ እንኳን፣ ይሄ ፈንገስ አይገድልም! ማለትም ልጁ በሽታውንም አላወቀ፣ የቀዳውንም አላወቀ፣ ወይ ደሞ እያወቀ እጁ የገባለትን ሸጠልኝ። እኔ የሚመስለኝ ሁለተኛው ነው፣ ባያውቅማ ጽሁፉን አያዞርም ነበር።

እና እባካችሁ፣ የፋብሪካ እሽግ የሌለው፣ ስሙና ጊዜው ያልተጻፈበት ነገር አትግዙ፣ የፀረ ተባይ አዋጅ 674/2002 የወጣው እኮ ለዚህ ነው። የታችኛው ቅጠል ብቻ ቢጫ ከሆነ ከመድኃኒት በፊት ብስባሽ ሞክሩ። የመርጫ ፓምፕም ከሰው አትዋሱ፣ በደንብ ካልታጠበ የቀረው ቱፎርዲ ብቻውን ይበቃል።

የኔዎቹን ነቅያቸዋለሁ። ሃይላንዱን ነገ ወረዳው ግብርና ጽህፈት ቤት ይዤው እሄዳለሁ፣ ክዳኑን ከፍተው ያሽቱት። በዚህ ሰሞን እዚህ አካባቢ ቡናማ ነገር በሃይላንድ የተቀዳላችሁ ካላችሁ እንዳትረጩት፣ ከረጫችሁም ምንም ቀጥፋችሁ እንዳትበሉ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝና አብረን እንሄዳለን።