ኦፒኔል 7 ቁጥር፦ ትንሽ እጅ ላይ አሥር ወር የቆየ ሰንጢ

እጄ ትንሽ ነው። ከአንጓዬ እስከ መሃል ጣቴ ጫፍ 16 ሴንቲ ሜትር ነው። መዳፌ ከጎን እስከ ጎን 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጓንት ስገዛ ሁሌ የመጨረሻዋን ትንሽ ቁጥር ነው የማነሳው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ስለ ሰንጢ የሚሰጥ አስተያየት የሰጪው እጅ ልክ ካልታወቀ ብዙም ስለማይረዳ ነው። እጃችሁ ሰፊ ከሆነ ከዚህ በታች የምለው ግማሹ ላይሠራላችሁ ይችላል።

የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር በታክሲ ሽሮ ሜዳ ድረስ እንሄድና ከዚያ በእግራችን እንጦጦ እንወጣለን። በወር አንዴ ደግሞ ራቅ እንላለን። መናገሻ ሱባ ጫካ እንሄዳለን፣ ወንጪ እንሄዳለን፣ አንዳንዴም ድንኳን ይዘን እናድራለን። ሰንጢ የሚያስፈልገኝ ለዚህ ነው። ዳቦ እቆርጥበታለሁ፣ ፍራፍሬ እልጥበታለሁ፣ ገመድ እቆርጥበታለሁ፣ የድንኳን ካስማ አሾልበታለሁ። እሳት ስናያይዝ ደግሞ ጭራሮ የምፍቀው እኔ ነኝ።

በፊት የነበረኝ ትልቅ የካምፕ ቢላዋ ነው። እጀታው ጥቁር ጎማ ለብሶ ወፍራም ነበር። ሱቅ ውስጥ ሳየው የሚያስተማምን መሰለኝ። ችግሩን ያወቅኩት ወንጪ ስንሄድ ነው። ወሊሶ መንገድ ላይ ሸንኮራ ገዝተን ነበርና እሱን እልጣለሁ። እጀታው ከመወፈሩ የተነሳ ጣቶቼ አይዞሩትም። የጣቶቼ ጫፍ ከአውራ ጣቴ ሥር ሁለት ጣት ያህል ይርቃል። እንዳያመልጠኝ ጨምቄ እይዘዋለሁ። ጨምቄ ስይዘው ክንዴ ይዝላል። ክንዴ ሲዝል ቢላዋው መዳፌ ውስጥ ይዞራል። አንዴ ዞረና የግራ እጄን ሌባ ጣት አገኘው። ደሙ ቶሎ ቆመ፣ ጠባሳው ግን አሁንም አለ።

ያን ቀን ጥፋቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። ቢላዋ አያያዝ አልችልም ብዬ ራሴን ወቀስኩ። ለካ እጀታው ነው።

ሌላ ፍለጋ ስወጣ አንድ ሻጭ "ለራስሽ ነው እህቴ? እንግዲያው ይቺን ውሰጂ" ብሎ ከቁልፍ ጋር የምትንጠለጠል ሮዝ ሰንጢ አወጣልኝ። ስለቷ ከትንሿ ጣቴ አይበልጥም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በቅንነት ነው ያለው። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እጁ ያነሰ ሰው ሥራውም ያንሳል ያለው ማን ነው? እኔ የምቆርጠው ገመድ ወንድሜ ከሚቆርጠው አይቀጥንም። የምፈልገው ስለቱ ለሥራ የሚበቃ፣ እጀታው ግን በእኔ ልክ የሆነ ነገር ነው። ሱቆቹ ውስጥ ያየሁት ወይ ሁለቱም ትልቅ ነው፣ ወይ ሁለቱም መጫወቻ።

ኦፒኔልን ያወቅኩት በአክስቴ ልጅ ነው። ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ከተማ ነው የምትኖረው። "እዚህ ሰንጢ እንደ ጫማ በቁጥር ነው የሚሸጠው" ስትለኝ ጆሮዬ ቆመ። ነገሩ እውነት ነው። ዦዜፍ ኦፒኔል የተባለ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ይህን ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1890 ሳቮያ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር ሠራው። በ1897 ደግሞ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ባሉ መጠኖች አወጣው። ቁጥሩ ሲጨምር ስለቱም እጀታውም አብረው ይጨምራሉ፣ ውፍረቱም እንደዚያው። ብዙ ሰው የሚይዘው 8 ቁጥሩን ነው፤ ስለቱ 8.5 ሴንቲ ሜትር፣ ሲታጠፍ 11 ሴንቲ ሜትር። 7 ቁጥሩ ስለቱ 8፣ ሲታጠፍ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። 50 ግራም እንኳ አይሞላም።

ጥቅምት ላይ ስትመጣ ሁለቱንም ይዛልኝ መጣች፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጋ። ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እያፈራረቅኩ ጨበጥኳቸው። በዓይን ሲታዩ ልዩነታቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ብርቱካን ለመላጥ ምንም ለውጥ የለውም። ሸንኮራ ሲሆን ግን ለየ። በ8 ቁጥሩ ሁለተኛው አገዳ ላይ አውራ ጣቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በ7 ቁጥሩ አራቱን ጨረስኩ። 8 ቁጥሩን ወንድሜ ወሰደው፤ ለእሱ መዳፍ ልክ ነው፣ ደስ ብሎታል።

እንዴት እንደምለካ ልንገራችሁ፣ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ይሄ ስለሆነ። ስለቱን ዘግታችሁ እጀታውን መዶሻ እንደምትይዙ ጨብጡት። የመሃል ጣታችሁና የቀለበት ጣታችሁ ጫፍ ዞሮ ወደ አውራ ጣታችሁ ሥር ሥጋ ይመጣል። ሊነካ ለጥቂት ከቀረው ልክ ነው። ሥጋው ውስጥ ከተቀበረ ቀጥኖባችኋል። ከራቀ ወፍሮባችኋል፤ ያንን ተዉት፣ ምንም ያህል ቢያምር። ከዚያ ርዝመቱን እዩ። አራቱ ጣቶች ተደርድረው እጀታው ከትንሿ ጣት ኋላ ትንሽ መትረፍ አለበት። ጫፉ መዳፋችሁ መሃል ላይ ካረፈ ስትገፉ ይወጋችኋል። ሳሙና ባለው እጅም ሞክሩት። ደረቅ እጅ ላይ ያልዞረ እጀታ በሳሙና ይዞራል፤ ከሜዳ በፊት ቤት ውስጥ ቢታወቅ ይሻላል።

መናገሻ ጫካ ዳር አንድ አባት እንጨት ሲፈልጡ አግኝተን አረፍ ብለን ነበር። ሰንጢዋን ተቀብለው እጃቸው ላይ አገላበጧት። ለእሳቸው እጅ ትንሽ ናት። "ይቺማ ላንቺ ተለክታ የተሠራች ናት፣ ልጄ" አሉኝ። ከዚያ የመጥረቢያቸውን ዛቢያ አሳዩኝ። ራሳቸው ነው የጠረቡት። የሚጨብጡበት ቦታ ላይ ቀጠን፣ ጫፉ ላይ ወፈር ይላል። ልጃቸው የሚፈልጥበት ሌላ ዛቢያ አለው፤ ብረቱ አንድ ዓይነት ነው። የሰው መጥረቢያ ለምን እጅ እንደሚያቆስል ያን ቀን ገባኝ።

አሁን ወደ አሥሩ ወር ልመለስ።

የመጀመሪያዎቹ ሰባት ወራት በጋ ነበሩ ማለት ይቻላል። የምጽፈው ብዙ ነገር የለም። ሠራች። ስለቷ ስስ ስለሆነ ቲማቲም አትጨፈልቅም፣ አቮካዶ እንደ ቅቤ ትቆርጣለች። ካስማ ስታሾል እጀታዋ ሆዷ ላይ ወፈር ብሎ ጫፏ ላይ ስለሚጠብ ወደ ኋላ አትሾልክም። ወደ ፊት ግን ጣት የሚያቆም ነገር የላትም። ስለዚህ ወግቼ አልገፋም፣ ሁልጊዜ በትንሽ በትንሹ እየቀነስኩ ነው የምቆርጠው። ይህን ቶሎ ልመዱት።

ክረምት ሲገባ ነው የተዋወቅነው። ሰኔ ላይ ከመናገሻ ስንመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘንና እስከ አጥንታችን ራስን። ቤት ስደርስ ልብሴን አሰጣሁ፣ ጫማዬን ጋዜጣ ሞላሁበት፣ ሰንጢዋን ግን ቦርሳ ውስጥ ረሳኋት። በአራተኛው ቀን ሳወጣት አልከፈት አለችኝ። እጀታዋ ቢች ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ ነው የሚሠራው። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ የስለቱን ጎድጓዳ ያጠብበዋል። ሰንጢዋ የምትከፈተው ስለቱ ላይ ባለች የጥፍር ማስገቢያ ነው። ጥፍሬ አጭር ነው፣ ጣቴም ጉልበት የለውም። ጥፍሬን ሰበርኩ እንጂ ስለቱ አልወጣም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርጥብ እንጨት ቦርሳ ውስጥ አይተውም።

የአክስቴን ልጅ በስልክ ስጠይቃት ሳቀችና የሳቮያ ሰዎችን ዘዴ ነገረችኝ። መቆለፊያውን ቀለበት ወደ ክፍቱ ታዞራላችሁ። ከዚያ ከቀለበቱ ማዶ ያለውን የእጀታ ጫፍ ጠንካራ ነገር ላይ መታ ታደርጋላችሁ። የስለቱ ጫፍ ራሱ ብቅ ይላል። እኔ በበራችን ደፍ ላይ መታሁት፣ በሁለተኛው ወጣ። አሁን እንጨቱ ደረቅ ሆኖም የምከፍተው በዚህ መንገድ ነው፤ ለደካማ ጥፍር ከዚህ የተሻለ መላ አላየሁም። ጣታችሁን ከስለቱ መንገድ አርቁ ብቻ።

ካደረቅኳት በኋላ እጀታዋን የተልባ ዘይት አጠጣኋት። በጨርቅ ቀብቼ፣ ሩብ ሰዓት አቆይቼ፣ የተረፈውን ጠርጌ አንድ ቀን አሳድራለሁ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ እንጨቱ ውስጥ ስለሚጠነክር ውሃ እንደልቡ አይገባም። ሐምሌና ነሐሴን በዚህ አለፍን፤ ትንሽ ትከብዳለች እንጂ አልተጣበቀችም። አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የዘይቱን ጨርቅ ጨብጣችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊነሳበት ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት።

ስለቷ ካርቦን ብረት ነው። የማይዝግም አለ፤ እኔ በምርጫዬ ነው ካርቦኑን ያልኩት፣ በቀላሉ ስለሚሳል። ሎሚና ሽንኩርት ሲነካው ይጠቁራል። አሁን ስለቷ ደመና ያዘለ የሐምሌ ሰማይ ነው የሚመስለው፤ ከታች ግራጫ፣ ወደ ጀርባው ሰማያዊ የሚያደላ። ያ ጥቁረት አይጎዳም። ቀዩ ዝገት ነው የሚጎዳው። በዚያ ሰኔ ሦስት ነጠብጣብ ዝገት ይዟት ነበር። እማዬ የተነፋ አመድ በእርጥብ ጨርቅ አድርጋ ፈትጋ አስለቀቀችው፣ እንደ ድስት።

ስትደነዝዝ መሳያ ድንጋይ ላይ አምስት ደቂቃ ይበቃታል። ድንጋይ በሌለበት ደግሞ የቡና ሲኒ አለ። ሲኒውን ገልብጡት። ቂጡ ላይ ያልተለበጠች ሸካራ ክብ አለች። ስለቱን አጋድማችሁ ቀስ እያላችሁ በዚያች ላይ ሳቡት፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ። ወንጪ ካምፕ ላይ በዚህ ነው ያደስኳት፤ ከዚያ በዚያው ሲኒ ቡና ጠጣን፣ ታጥቦ።

ቀለበቷን ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ነው ኦፒኔል ላይ የመጣችው። ስለቱን ከፍታችሁ ቀለበቷን ስታዞሩ ስለቱ ጣት ላይ አይታጠፍም። ነሐሴ ጠዋት እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ጣት በብርድ ይደነዝዛል። የደነዘዘ ትንሽ ጣት ምን እንደጨበጠ አያውቅም። ሳልቆልፍ አንድም ነገር አልቆርጥም። የብርቱካን ጭማቂ መገጣጠሚያው ላይ ከደረቀ ቀለበቷ ትጠነክራለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጠብታ ዘይት ስጧት።

የማትሠራው ሥራም አለ። ድፎ ዳቦ ከሥር እስከ ላይ አትደርስበትም። እንጨት ለመፍለጥ ጀርባዋን አትምቱት፤ የምትታጠፍ ሰንጢ ለዚያ አልተሠራችም። ከተማ ውስጥም ይዤያት አልዞርም። አዲስ አበባ ውስጥ በየሕንፃው በር ፍተሻ አለ። አንድ ቅዳሜ ከእንጦጦ መልስ ምሳ ልበላ አንድ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃዋ ቦርሳዬን ስትከፍት ሰንጢዋ ከላይ ነበረች። ልጅቷ በትህትና "ይቺን ይዘሽ አትገቢም፣ የኔ እህት" አለችኝ። ትክክል ናት። ከዚያ ወዲህ ከጉዞ በቀጥታ ወደ ቤት ነው።

እማዬ መጀመሪያ ላይ አልወደደቻትም ነበር። "ሴት ልጅ ሰንጢ ምን ያደርግላታል" ትል ነበር። ሐሳቧን ያስለወጣት ስለቱ ላይ ያለው ማኅተም ነው። ዘውድ ከላዩ ያለ የሚባርክ እጅ ነው። ኦፒኔል እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ የሚያትመው ይሄን ነው። እጁ የመጣው ሳን ዣን ደ ሞሪየን ከሚባለው የአካባቢው ከተማ ዓርማ ነው፤ የመጥምቁ ዮሐንስ እጅ ነው፣ የከተማው ካቴድራልም ለቅዱሱ ጣቶች ክብር የቆመ ነው። ይህን ስነግራት መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። የፊታችን መስከረም 1፣ በቅዱስ ዮሐንስ፣ የበዓሉን ሽንኩርት በእሷ እንደምትከትፍ ነግራኛለች። የእማዬ እጅ እንደ እኔ ነው።

ከቡድናችን አንዷ ጓደኛዬ ደግሞ ሰሞኑን ጨብጣ ሞከረቻት። የጣቶቿ ጫፍ ራቅ ብሎ ቀረ። መዳፏን በማስመሪያ ለካነው፣ ከእኔ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ይጠብባል። ለአክስቴ ልጅ "ለእሷ 6 ቁጥር" ብዬ ጽፌላታለሁ። ለመስቀል ስትመጣ ይዛት ትመጣለች።