የሳካሪን ክኒን፦ ለሻይ ይሁን፣ ለቡና ይቅር

እማዬ ስኳር አለባት። ሻይ ያለ ስኳር ደግሞ አይወርድላትም። ስለዚህ ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት የሳካሪን ክኒን (ስኳር ያልሆነ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ) ገዛሁላት።

ለሻይ አንዷ ትበቃለች። ሶዳ ስላለባት ትንሽ ፍልቅ ፍልቅ ብላ ወዲያው ትሟሟለች። ቡና ላይ ግን አትሞክሩት። አቦሉን አበላሸብን፤ ምላስ ላይ የሚቀር ምሬት አለው።

እማዬን ያስጨነቃት ግን ጣዕሙ አይደለም። ጎረቤታችን እትዬ "ይሄ እኮ ካንሰር ያመጣል፣ በአይጥ ታይቷል" አሏት። እውነት ለመናገር ከመሬት ተነስተው አላወሩም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ውስጥ ከሚበሉት 5 በመቶው ሳካሪን የሆነ ወንድ አይጦች ፊኛቸው ላይ ዕጢ ወጣባቸው። አሜሪካ በ1977 ልታግደው ተነሳች። ሕዝቡ ጮኸ፤ እገዳው ቀርቶ ማሸጊያው ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ። ቆይቶ ሲጣራ ጣጣው የአይጡ ሽንት ሆኖ ተገኘ። ሳካሪኑ ሲበዛ ሽንቱ ውስጥ ጠጣር ነገር ይፈጠርና ፊኛውን ይልጠዋል። የሰው ሽንት እንደዚያ አይደለም። ማስጠንቀቂያው በ2000 ተነሳ።

የአይጥ ሙከራ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። የእማዬ የቀን ልክም የተገኘው ከአይጥ ነው። ጉዳት ያልታየበት መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት 500 ሚሊግራም ነበር። ሰው አይጥ አይደለም፣ ሰውና ሰውም አንድ አይደለም ተብሎ ለ100 ተካፈለና 5 ሆነ። እማዬ 60 ኪሎ ናት፤ በቀን 300 ሚሊግራም ማለት ነው። የእኛ ክኒን 12 ሚሊግራም ይላል። 25 ክኒን! የቱንም ያህል ሻይ ብትወድ እዚያ አትደርስም። አይጦቹ ግን ያሳዝኑኛል። ለሻይ ማጣፈጫ ተብሎ ልጅ እስኪወልዱ፣ ልጆቻቸውም እስኪያድጉ ሲመገቡት ኖረዋል።

የጾም ነገርም አለ። ሳካሪን ራሱ ከእንስሳት አይመጣም። አንዳንድ የማጣፈጫ ክኒን ግን ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳር ይገባበታል። ጿሚ ከሆናችሁ ጀርባውን አንብቡ። የእኛው የለበትም።

ዋጋው አይጎዳም፤ አንዷ ዕቃ ብዙ ትቆያለች። ቅሬታዬ የዕቃዋ ቁልፍ ላይ ነው። ስትጫኗት አንዳንዴ ሁለት ትጥላለች። ያኔ እማዬ "አንተ ጠጣው" ብላ ሻዩን ወደ እኔ ትገፋዋለች።