የተፈጨ የፕሮሶፒስ ፍሬ ከቀፊራ፦ ወንፊት ይዛችሁ ሂዱ

ድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ አካባቢ አሥራ ስምንት ፍየሎች አሉኝ። በጋ ሲገባ ፉርሽካ ኪሴን ስለሚያራቁተው፣ እዚያው ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ካለ አንድ የመኖ ሱቅ ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ ፍሬ ተፈጭቶ መግዛት ከጀመርኩ አራተኛ ወር ሆኖኛል።

ሽታው ጣፈጥ ያለ ነው፤ ገና ከረጢቱን ስፈታው ፍየሎቹ ይሻማሉ። ከፋጉሎና ከደረቅ ሣር ጋር እቀላቅለዋለሁ፤ ብቻውን ማብዛት በተለይ ከብትን ይጎዳል። ወተቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም።

ዋናው ቁም ነገር መፈጨቱ ነው። ፍየል ፍሬውን እንዳለ ስትበላው ጠንካራው ዘር በሆዷ አልፎ ከበጠጧ ጋር ይወድቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። ይህ እሾሃም ዛፍ የአፋርን ግጦሽ የወረረው በዚህ መንገድ ጭምር ነው። ዘሩ ከደቀቀ ግን አይበቅልም።

ታዲያ ሦስተኛውን ከረጢት በወንፊት ስነፋው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ግማሽ ጣሳ የሚሆን ያልተነካ ዘር! በጥርሴ እንኳ ብሞክረው አልሰበር አለኝ። ተሸክሜው ተመለስኩ።

«እናቴ፣ ፍየል እኮ ሁሉንም ታኝከዋለች» አለኝ ባለሱቁ። በጠጥ ፈርፍሮ አይቶ የሚያውቅ አይመስልም። ለማንኛውም ሳይጨቃጨቅ ለወጠልኝ፤ የወፍጮው ወንፊት ተቀድዶ እንደነበረም አመነ።

አሁን የምገዛው ከረጢቱን አስፈትቼ፣ አንድ እፍኝ መዳፌ ላይ አሽቼ ካየሁ በኋላ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ባትሄዱ ይሻላል፤ ሚዛኑ ዘንድ ያለው ግፊያ አያድርስ ነው።