ራቭ ፎር፣ ሲአርቪ ወይስ ኤክስትሬል? ከዓርማው በፊት ካምቢዮውን ይዩ

ያገለገለ መኪና ሊገዙ ያሰቡ ወዳጆቼ ከቶዮታ ራቭ ፎር፣ ከሆንዳ ሲአርቪና ከኒሳን ኤክስትሬል የትኛው ይሻላል የሚለውን ጥያቄ ስለሚደጋግሙልኝ መልሴን በጽሑፍ ማስቀመጥ መረጥሁ። የእኔ ምርጫ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 የተሠራው ባለ 2.5 ሊትር ቤንዚን ራቭ ፎር ነው፤ ሞተሩ ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የለውም፣ ከቺንጋ ይልቅ ካቴና ይጠቀማል፣ ካምቢዮውም የተለመደው ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ ነው።

ኤክስትሬል በግዢ ዋጋ እንደሚረክስ አልክድም። ነገር ግን አብዛኞቹ አውቶማቲኮቹ የያዙት ሲቪቲ ካምቢዮ ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለት ፑሊዎች መካከል በሚሽከረከር የብረት ቀበቶ በመሆኑ፣ ዘይቱ ካረጀ ወይም የተሳሳተ ዘይት ከተጨመረበት ቀበቶው መንሸራተት ይጀምራል፤ ጥገናውም ብዙውን ጊዜ ካምቢዮውን በሙሉ መቀየር ስለሚሆን በግዢ የተረፈው ገንዘብ በአንድ ቀን ያልቃል። ኒሳን ራሱ በአሜሪካ ከ2003 እስከ 2010 ለወጡ ባለ ሲቪቲ መኪኖቹ የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 10 ዓመት አራዝሞ ነበር። ማንዋል ካምቢዮ ያለው ኤክስትሬል ካገኛችሁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የራቭ ፎር ሃይብሪድ ካምቢዮም ሲቪቲ ይባላል እንጂ የሚሠራው በጥርሶችና በኤሌክትሪክ ሞተሮች ስለሆነ የሚያልቅ ቀበቶ የለውም።

ሲአርቪን በሁለተኛነት አስቀምጠዋለሁ፤ ቱርቦ የሌለው ባለ 2.4 ሊትሩ ጠንካራ ነው። በ2017 እና በ2018 በወጣው ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ላይ ግን በብርድ አገር አጭር ርቀት ሲነዳ ቤንዚን ከሞተር ዘይት ጋር የመቀላቀል ችግር ታይቷል።

ከመኪናው ዋጋ ቀጥሎ የሚጎዳው የመለዋወጫ ዋጋ ነው። አንድ ጊዜ «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ የዘይት ፊልትሮ በሲሶ ዋጋ ገዛሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሞተሩ ድምፅ ስላሳሰበኝ መካኒኩ ፊልትሮውን አውጥቶ በመጋዝ ሲከፍተው፣ የውስጡ ወረቀት እጥፋቱ ጥቂት፣ ማጣበቂያውም ከጫፉ የተላቀቀ ሆኖ አገኘነው፤ ዘይቱ ሳይጣራ ያልፍ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ፊልትሮና የካምቢዮ ዘይት ላይ ዋጋ አልከራከርም።

ራቭ ፎርም ሁሉ አንድ አይደለም። ከ2006 እስከ 2008 የወጣው ባለ 2.4 ሊትሩ ሞተር በፒስተን ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች) ምክንያት ዘይት በመጨረስ ይታወቃል። ሻጩ ዘይት መጨመሪያ ጠርሙስ ከዕቃ መጫኛው ካስቀመጠ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ያን መኪና አትግዙ።